ከካዛንቺስ ወደ ድሬ

(የ1978 ዓ.ም. ተመራቂዎች በ40ኛ ዓመት መገናኛቸው ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ሕይወት ከጡረታ በኋላ» በሚል ርእስ እንድናገር ነበር የጋበዙኝ። ስለ ጡረታ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እኔ ከብዙዎቻችሁ የምለየው በአንድ ነገር ነው፤ ጡረታ ወጥቼ ከተማ ቀይሬአለሁ። ዕድሜዬን ከፈጀሁባት አዲስ አበባ ወጥቼ ድሬዳዋ ገብቻለሁ። ሻይ ቡና ስንል «እኔ እኮ አዋሳ ገብቼ ነው የማርፈው»፣ «እኔ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር» የማይል ሰው ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ እኔ ከማለት አልፌ ስለ ገባሁበት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከተማ ስለ መቀየር ሲወራ ሰው የሚጠይቀው ስለ ቤቱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሐኪም ቤቱ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ። እኔን ግን ካሰብኩት በላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ብሞት ማን ይቀብረኛል? አትሳቁ! ሁላችንም ስድሳን ያለፍን ሰዎች ነን፤ በሆዳችን የማናነሣው ጉዳይ አይደለም።

የኖርነው ካዛንቺስ ነበር፤ የቀበሌ ቤት፣ አምስት አባወራ በአንድ ግቢ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ጎረቤቶቻችን በየአቅጣጫው ሄዱ። ገሚሱ ገላን ጉራ፣ ገሚሱ ኮንዶሚኒየም፣ ገሚሱ ልጆቹ ዘንድ። እኛም ምትክ ቤት መቀበል እንችል ነበር። ባለቤቴ ግን የድሬ ልጅ ነው፤ አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ እናቱ ያረፉበት ቤትም ተዘግቶ ተቀምጧል። «ሁለታችንም ከማናውቀው ሰፈር አንዳችን የምናውቀው አይሻልም?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ዕቃችንን በአንድ አይሱዙ ጭነን በጥቅምት ወረድን። ለእሱ መመለስ ነው፤ ለእኔ መሄድ ነው። ይህን ልዩነት ስንጭን አላሰብነውም ነበር፤ ስናወርድ ነው የታየን። እሱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ስሙን እየጠራ የሚስመው ሰው አለ። እኔ «የእሱ ሚስት» ነኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩት ጂኦግራፊም እዚያ አገር የሰማው የለም።

ስለ ከተማዋ ጥቂት ልበል፤ መምህር ነኝና ካርታውን ሳልዘረጋ ማለፍ አይሆንልኝም። ድሬዳዋ ከባቡር የተወለደች ከተማ ነች። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር። ተራራው አላስወጣ አለ፣ ወጪውም ከበደ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ሜዳ ሜዳውን ይዞ በ1895 ዓ.ም. አሁን ድሬ ካለችበት ደረሰ፤ ከተማውም በጣቢያው ዙሪያ በቀለ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ከ14 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1909 ነው። ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ሕንዱም በባቡሩ ሰበብ መጣ፤ በአካባቢው ከነበሩት ከኦሮሞውና ከሶማሌው ላይ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው ተጨመረ። ደቻቱ የሚባለው አሸዋማ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንዱ በኩል መንገዱ በዛፍ የተጠለለው ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ። ገበያ ውስጥ አንድ ሻጭ በአማርኛ ጀምራ፣ በኦሮምኛ ዋጋ ቀንሳ፣ በሶማሊኛ ሌላ ደንበኛ ስትጠራ ትሰማላችሁ። መጤ ነሽ ብሎ የሚያገልል ከተማ አይደለም፤ ሁሉም አያቱ ከየት እንደ መጡ ያውቃልና።

ሙቀቱን እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ ድሬ 1,200 ገደማ። በየ1,000 ሜትሩ የሙቀቱ ልዩነት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ነው ብለን ስናስተምር ኖረናል፤ ስለዚህ ከ7 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። 7 ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትንሽ ቁጥር ነች። ግንቦት ውስጥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ትንሽ አይደለችም። ሰዉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ይተኛል፤ እኔም ስድስት ወር ሳይሞላኝ አወጣሁ። ወንዱ ቤት ሲገባ ሽርጥ ያገለድማል። ከምሳ በኋላ ከተማው ያንቀላፋል፣ ሱቁም ይዘጋል፣ ባጃጁም ጥላ ፈልጎ ይቆማል፤ ሲመሽ ነው እንደ ገና የሚነቃው። በቀትር ጉዳይ እጨርሳለሁ የሚል የአዲስ አበባ ሰው በበጋ ከሁለት ቀን በላይ አይሞክረውም።

ከፍታ ወጥ ቤትም ይገባል። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ድሬ 96 ገደማ። አራት ዲግሪ ምን ታደርጋለች አትበሉ፤ ሽምብራና ባቄላ የሚበስልበት ሰዓት በደንብ ነው ያጠረልኝ። ሊጡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ካዛንቺስ ሦስት ቀን የምጠብቀው ሊጥ ድሬ በማግሥቱ ገንፍሎ ክዳኑን ያነሣል። ጎረቤቴ፣ ለኑሮዬ የደረሰችልኝ ሴት፣ እርሾውን ቀንሼ ማታ አቡክቼ በማግሥቱ እንድጋግር አሳየችኝ። ውሃው ጨዋማነት አለው፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ በወር ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ይህን ሁሉ ሰው ይለምደዋል። በጤና በኩል ደግሞ ከዝቅታው የተነሣ ደረጃ ስወጣ ልቤ አይመታም፣ ጉልበቴም ብርዱ ሲቀርለት ተፈታ። ሹራቦቼን ለሰጠኋቸው ሰዎች እንኳን ሰጠሁ እላለሁ።

ግን አንድ ጠንቃቃ ልትሆኑበት የሚገባ ነገር አለ፤ ትንኝ። የወባዋን ማለቴ አይደለም። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ ንጹሕ ውሃ ያለበት፣ ክዳን የሌለው በርሜል ይበቃታል፣ የምትነክሰውም በቀን ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማዋን ሲያዳርሳት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል አትያዙ ማለት አይቻልም፤ ክደኑት ነው የሚባለው።

ባለቤቴን በገባን በአንደኛው ዓመት ደንጊ ያዘው። ስድስት ቀን አጥንቱ እየተሰበረ የሚመስል ትኩሳት። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ጠዋትም ማታም ሾርባ ታቀብለኛለች፣ «አብሽሪ፣ ያልፋል» ትለኛለች። አለፈም። በአራተኛው ሌሊት ግን፣ ጨርቅ አርጥቤ ግንባሩ ላይ እያደረግሁ፣ አንድ ሐሳብ መጣብኝና አልወጣ አለ። ይህ ሰው ዛሬ ቢሞትብኝ ድንኳን ማን ይተክላል? ለማን እደውላለሁ? ልጃችን ካናዳ ነች፣ ወንድሟ አዳማ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከፈልኩበት ዕድር ያለው 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ እሱም ቢሆን እዚያ ካለ ነው።

ስለ ካዛንቺሱ ዕድራችን ልንገራችሁ፤ እናንተም የየራሳችሁ አላችሁና ይገባችኋል። ድንኳን ነበረው፣ ወንበርና አግዳሚ፣ ብረት ድስት፣ ትልልቅ በርሜል፣ ሁለት መቶ ሰው የሚያበላ ሳህን። ሰፈሩ ሲነሣ ዕቃው የሚቀመጥበት ቤትም አብሮ ተነሣ። ዳኛው ስብሰባ ጠሩ፤ መጨረሻው ስብሰባ ነበር ሰፈር ውስጥ። አንዱ «ንብረቱ ይሸጥና ለአባል ይከፋፈል» አለ። ሌላው «ዕድር ሰው እንጂ ዕቃ ነው ወይ? እንቀጥል» አለ። አንዲት እናት፣ የቀብር ሰዓት አልፏቸው የማያውቁ፣ ብድግ ብለው «ገላን ስሞት ከአያት ተነሥቶ ማን ነው በሰዓቱ የሚደርስልኝ? ታክሲ ሲጠብቅ ተቀብሬ አድራለሁ» አሉ። ተሳቀ፣ ከዚያም ዝም ተባለ። በመጨረሻ ዕድሩ እንዲቀጥል፣ መዋጮው በቴሌብር እንዲገባ ተወሰነ። ዕቃው አንድ አባል ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። እኔ እስከ ዛሬ እከፍላለሁ።

ብዙ ሰው ዕድር ከገጠር ይዘነው የመጣነው ጥንታዊ ነገር ይመስለዋል። በመዝገብ፣ በወር መዋጮ፣ በዳኛና በገንዘብ ያዥ የሚሄደው ዕድር ግን ከከተማ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ገጠር ያለ ሰው ዘመዱ ይቀብረዋል፤ ቀዬውን ለቆ ከተማ የገባ ሰው ነው ዘመድ ያልሆኑትን ሰዎች በስምምነት ዘመድ ማድረግ ያስፈለገው። እንግዲህ ዕድር የፈጠሩት እንደ እኔ ያሉ፣ አገር የለቀቁ ሰዎች ናቸው። ይህን ለተማሪዎቼ «የከተማ ዕድገት» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስነግራቸው ኖሬአለሁ። ነገሩ በእኔ ላይ ሲደርስ ግን ምዕራፍ መሆኑ ቀረ።

ባለቤቴ ሲያገግም ዕድር ፍለጋ ጀመርኩ። የመጀመሪያው፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ ያለው፣ ቅጹን ተቀብሎ ዕድሜያችንን ሲያይ መለሰልን። «ዕድሜያቸው የገፋ አዲስ አባላት አንቀበልም፣ ደንብ ነው» አሉኝ፤ በትሕትና ነው የነገሩኝ፣ ሻይም ጋብዘውኛል። ሒሳቡ ይገባኛል። ሃያ ዓመት የከፈለ ሰው ባስቀመጠው ገንዘብ፣ ስድስት ወር የከፈለ ሽማግሌ ይቀበርበት? እንደ ኢንሹራንስ ካየነው ትክክል ናቸው። እንደ ዕድር ካየነው ግን... እሱን ለእናንተ ልተወው። ብቻ ሻዩን ጠጥቼ ስወጣ እግሬ ከብዶኝ ነበር። ብዙ ቦታ አልፈለጉኝም በሕይወቴ፤ ለመቀበር አልፈለጉኝም ስባል ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ያን ቀን ማታ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። የባቹ ልጆች ታስታውሳላችሁ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ሰዎች ወደ ምዕራብ ሲሰፍሩ፣ እኛም ከመምህራኖቻችን ጋር ለሰፋሪው ጎጆ እንድንሠራ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተልከን ነበር። እኔ መተከል ነበርኩ። ከወሎ የመጡ አንዲት እናት የሠራንላቸውን ጎጆ ዙሪያውን ዞረው አዩና፣ «ጎጆውስ ደግ ነው ልጄ። መቀበሪያችን ወዴት ነው?» አሉኝ። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለ ውሃ፣ ስለ እህል፣ ስለ በሬ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ነው ይህን ያሉኝ። ለኃላፊው እነግራለሁ ብዬ ሌላ ሣር ልሸከም ሄድኩ። የእሳቸውን ነገር ከእኔ ጋር ማወዳደር ነውር ነው። እሳቸው ወደው አልሄዱም፤ እኔ ፍሪጄንና ቡፌዬን ጭኜ ነው የወረድኩት። ጥያቄያቸው ግን አርባ ዓመት ቆይቶ ድሬ ላይ ነው የገባኝ፤ ያ ጥያቄ የሞት ጥያቄ አልነበረም። እዚህ የማን ነኝ ነው የሚለው።

ወደ ድሬ ልመለስ። ሁለተኛው ዕድር ያማቴ የነበሩበት ነው። ባለቤቴ «እማማ ሞተዋል፣ ስማቸው ተሰርዟል» ብሎ መጠየቅ አልፈለገም። እኔ ሄድኩ። ጸሐፊው አሮጌውን መዝገብ አወጡ፤ የድሬ ሰው ዘመን የሚቆጥረው «ከጎርፉ በፊት፣ ከጎርፉ በኋላ» ብሎ ነው፣ ያ መዝገብ ከጎርፉ በፊት የነበረ ነው። ጎርፉ ማለት የ1998ቱ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ላይ ተራራው ላይ ወርዶ፣ ሌሊት ሰዉ ተኝቶ ሳለ ደቻቱ ሞልቶ መጣና ከ200 በላይ ሰው ገደለ። መዝገቡን ሲገልጡ በዚያ ወር ገጽ ላይ ጽሕፈቱ ጠበብ ጠበብ ብሎ ተጽፏል፤ ብዙ ስም ስለ ነበረ ነው። ጸሐፊው ጣታቸውን እያስኬዱ ያማቴን ስም አገኙ። እስከ ሞቱበት ወር አንድም አልጎደለባቸውም። «የእሳቸው ልጅ አዲስ አባል ነው የሚባለው በየት በኩል ነው?» አሉኝ። መግቢያ 5,000 ብር ከፈልን፤ ስድስት ወር እስኪሞላን ድረስ ከዕድሩ ምንም አናገኝም፣ ግዴታው ግን ከዛሬ ይጀምራል ተባልን።

ግዴታው በሁለተኛው ሳምንት መጣ። አንዲት አባል አረፉ። አላውቃቸውም፤ መልካቸውን ያየሁት ድንኳኑ ውስጥ በተሰቀለው ፎቶ ነው። የተመደብኩት ሽንኩርት መላጥ ላይ ነበር፤ ከእኔ ጋር አምስት ሴቶች። መጀመሪያ ዝም ብለን ላጥን። ከዚያ አንዷ «አንቺ የማን ነሽ?» አለችኝ። ያማቴን ስም ጠራሁ። «ውይ! የእሳቸው እጅ ወጥ!» ብላ ጀመረች፤ በሽንኩርቱ ላይ ሁላችንም እያነባን ስለማላውቃቸው ሟችና ስለማውቃቸው ያማቴ ስናወራ ቆየን። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ቀድሞኝ ሰምቷል፤ ድሬ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። «ዛሬ ነው የገባሽው» አለኝ። በጥቅምት አይደለም የገባሁት፣ ዛሬ ነው ማለቱ ነው።

ጎረቤቴም የራሷ አላት፤ ሐረሪ ስለ ሆነች አፎቻ ይሉታል። ለቀብርም ለሠርግም የሚቆም ማኅበር ነው። የእነሱ ሟች በዕለቱ ነው የሚቀበረው፤ ስለዚህ ለመድረስ ፈጣን መሆን ያስፈልጋል። አጎቷ ያረፉ ቀን አፎቻው ከመሰብሰቡ በፊት እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ አጥር ነው የሚለየን። ውሃ ቀዳሁ፣ ጫማ አስተካከልኩ። የአፎቻው አባል አይደለሁም፣ ልሆንም አልችልም። ማንም ግን «አንቺ የማን ነሽ?» አላለኝም።

እንግዲህ አሁን ሁለት ዕድር እከፍላለሁ፤ አንዱን በእጄ፣ አንዱን በቴሌብር። ባለቤቴ ይስቅብኛል፤ «ሁለት ጊዜ ልትሞች ነው?» ይላል። እሱ የካዛንቺሱን በመጀመሪያው ዓመት ነው ያቆመው። እናትና አባቴ ያረፉት አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ነው፤ እኔ የት እንደምሆን ገና አልወሰንኩም። ልጄ ከካናዳ ስትደውል ይህን ወሬ እንድንተው ትፈልጋለች። ወጣት ባልደረቦቻችንም ፊታችሁን ሳይ እንደ እሷ ናችሁ፤ ግድ የለም፣ ጊዜ አላችሁ።

ለመውጣት ለምታስቡ የባቼ ልጆች አንድ ተግባራዊ ነገር ብቻ ልጨምር። ቤቱን ከማየታችሁ በፊት የሰፈሩን ዕድር ጸሐፊ ፈልጉ፤ ደንቡን አስነብቡ፤ የዕድሜ ገደብ ካለው እወቁት። ከቻላችሁ በሃምሳ አምስት ዓመታችሁ፣ ገና ሳትገቡ፣ ተመዝገቡ። ቀልድ አይደለም፤ ድሬ ሁለት እንዲህ ያደረጉ ሰዎች አግኝቻለሁ፣ በበዓል እየመጡ ይከፍላሉ።

ለማኅበራችንም አንድ አቤቱታ አለኝ። የአባልነት ቅጹ ላይ አድራሻ የሚለው ቦታ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር ይላል፤ ውጭ አገር ላሉት ደግሞ አገር የሚል ሣጥን አለው። ክፍለ አገር ላለን ሰዎች የሚሞላ የለም። እኔ «አገር» የሚለው ላይ ድሬዳዋ ብዬ ሞልቼዋለሁ፤ ጸሐፊያችን እንዳይደናገጥ።

ቤታችን ሁለት ትርፍ ክፍል አለው። ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ይነሣል፤ የድሬውም ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ስትደርሱ ደውሉ፣ ባለቤቴ ባጃጅ ይዞ ይመጣል። የድሮውን ጣቢያ፣ አባቱ የሠሩበትን፣ እሱ ራሱ ያስጎበኛችኋል፤ ማስቆም አይቻልም። ከኅዳር እስከ ጥር ኑ። ግንቦት ላይ የሚመጣ አልጋው ግቢ መሆኑን አውቆ ይምጣ።